በሞያሌ በኩል ናይሮቢ

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ግን ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ኪሱ የሳሳ መንገደኛ የሚመርጠው ይህ የየብስ ጉዞ ከርካሽነቱ ሌላ የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ድንበር ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ ያሳያል። ከዲላ በኋላ የጌዴኦ ቡናና እንሰት ቀስ በቀስ ለያቤሎ ግራርና ቀይ አፈር ቦታ ይለቃል፤ ሞያሌ ላይ አገር ተለወጠ ይባላል። የተለወጠው በአብዛኛው ገንዘቡና የመኪናው መሪ ነው፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነውና። ቦረናው ወዲህም ወዲያም ቦረና ነው፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው እስከ ማርሳቢት ድረስ ቋንቋ አይቸግረውም። በአውሮፕላን የሄደ ሰው ይህን ከመጽሐፍ ካላነበበ አያውቀውም።

«ይህ እኮ ድህነትን ማሞካሸት ነው» የሚል አይጠፋም። ድካሙ እውነት ነው፤ የመንገዱ ፀጥታ የሚያጠራጥር ከሆነም መቅረት ብልህነት እንጂ ፍርሃት አይደለም። ሆኖም የቀድሞውን ችግር ይዞ ዛሬን መፍረድ አይገባም። ከሞያሌ እስከ ኢሲኦሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ትናንት መኪና የሚሰባብር አቧራማ ነበር፤ አሁን አስፋልት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ አለ። አውቶቡሱ በናንዩኪ በኩል የሚያልፍ ከሆነ በግራ መስኮት ዳር ይቀመጡ፤ ደመና ካልሸፈነው የኬንያ ተራራ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።