ገሉና ሸክላ ሠሪዋ

የጥንት አቴናውያን ሰው ሲከብዳቸው ስሙን ገል ላይ ይጽፉ ነበር። ከ6000 ያላነሰ ገል ከተሰበሰበ፣ ስሙ የበዛው ሰው ለ10 ዓመት አገር ይለቃል። ክስ የለ፣ ጠበቃ የለ። “ጻድቁ” የሚባለው አሪስቲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ482 የተባረረው እንዲህ ነው። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ ያልተማረ አንድ ባላገር ማንነቱን ሳያውቅ ለራሱ ለአሪስቲደስ ገሉን ሰጥቶ፣ የአሪስቲደስን ስም ጻፍልኝ ይለዋል። ምን በደለህ? ቢለው፣ ምንም! ብቻ “ጻድቁ” ሲሉት መስማት ሰልችቶኛል አለ። አሪስቲደስም ዝም ብሎ ጻፈለት።

ግፍ ነው። ግን ንብረቱ አልተወረሰም፣ ቀኑም የተቆረጠ ነበር። እንዲያውም ፋርሶች ሲዘምቱባቸው በሁለት ዓመቱ መልሰው ጠሩት።

እኛስ? እኛ ገሉን ትተን ሸክላ ሠሪዋን አገለልን። በምጣዷ እየጋገርን “ቡዳ” አልናት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡስ ቀነሰ እንበል፤ ሽማግሌ ሲላክ “ዘሯ ከየት ነው?” የምትለዋ ጥያቄ ግን አለች። ለሷ ማን ዓመት ቆረጠላት? ማስተርስ ያለው አንድ ወዳጄ፣ ወንድሙ ያጫት ልጅ አያቷ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ተሰምቶ ሽማግሌዎቹ ከመንገድ መመለሳቸውን አጫወተኝ። “ደግ አደረጉ” አለና ጀበናውን አንስቶ ሁለተኛውን ቀዳልኝ።