ይህን ኮንትሮባንዲስት ያላነበበ ምን አነበበ!

እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩን እስከ ዛሬ እንዴት ማንም ሳይነግረኝ ቀረ? ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ አስፋልት ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሐል ሽፋኑ የላላ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም አነሣሁ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሻጩ አዝኖልኝ በርጩማ አቀበለኝ። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሐሺሽ ጉዞ ታሪክ ነው። ልብ አንጠልጣይ ማለት ይኸ ነው! ደግሞም ጸሐፊው ራሱ የኖረው ነው።

ሰውየው በ1911 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ገብቶ እኛ አገር ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። ያ አልበቃውም። ጀልባ ያዘ፣ ዕንቁ ፈለገ፣ ጦር መሣሪያ አሻገረ፣ ሰልሞ ዐብደል ሃይ ተባለ። የገዛ አገሩ ሰዎች ጅቡቲ ላይ አሰሩት። ሲወጣ ባዶ እጁን ነው፤ ስለ ሐሺሽ የሚያውቀውም ግሪክ ተመርቶ ግብፅ በውድ እንደሚሸጥ ብቻ ነው። በዚህች እውቀት ተነሥቶ ይሄዳል!

ግሪክ ደረሰ። ገበሬዎቹ የደረቀውን ተክል ፈጭተው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ዱቄቱን በከረጢት ያሽጋሉ፤ እህል እንደሚያዘጋጅ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ማንንም ሳይፈሩ። እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። ያው ጭነት ያኔ ግሪክ ወደብ ላይ ሕጋዊ ሸቀጥ ነበር፤ ግብፅ፣ ስዊዝ ሲደርስ ወንጀል ይሆናል። ሰውየው ጭነቱን መጀመሪያ ወደ ጅቡቲ ያስመጣል፤ ከዚያ በራሱ ጀልባ በቀይ ባሕር ወደ ስዊዝ ይነሣል። ይህ ባሕር ደግሞ ሙሉው ፍርሃት ነው። ዘመኑ 1915 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተፋፋመበት ነው። ቀይ ባሕር ላይ የእንግሊዝ መርከቦች ይቃኛሉ። ወደ ሰሜን በተጠጉ ቁጥር ነፋሱ ከፊት ይመታል፤ ሸራ ያላት ትንሽ ጀልባ ደግሞ ከነፋስ ጋር ተከራክራ የት ትደርሳለች? ሽጉጥ ሳይተኮስ፣ ነፋስ እስኪዞር በመጠበቅ ብቻ አንባቢን ትንፋሽ የሚያሳጣ ጸሐፊ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስንቱን ላውራ! ጻፍ ብሎ የገፋፋው ዝነኛው ደራሲ ጆሴፍ ኬሰል ነው። ኤርዤ በቲንቲን ተከታታይ ሥዕላዊ ታሪኩ ውስጥ ቲንቲንን ከባሕር የሚያወጣውን ካፒቴን የቀረጸው ደ ሞንፍሬድን አይቶ ነው። ድሬዳዋ ላይም የዱቄት ፋብሪካ ነበረው።

አንድ ነገር ግን ይቅር አልለውም። በ1933 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ተባረረ፤ ከዚያ ከፋሺስት ጣሊያን ጎን ቆሞ ተመለሰ፤ በኋላ እንግሊዞች ማርከው ኬንያ ወሰዱት። ይህን እያወቅሁም መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ። ኦቦክ፣ ታጁራ፣ ጅቡቲ፣ ጀልባውን የሚነዱት አፋርና ሱማሌዎች! ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ ደጃፋችን ላይ የሆነ ነው፤ በአማርኛ ግን ሲነበብ አላየሁም።

የሲድኒ ሼልደንን ልቦለዶች እያሳደድን በአማርኛ ያነበብን ሰዎች ነን። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን ልቦለድ ተርጉሞልናል። ለዚህ መጽሐፍ የሚነሣ ተርጓሚ እንዴት ይጠፋል? ፈረንሳይኛ የምታውቁ ከዋናው ጀምሩት፤ እንግሊዝኛው ለሚበቃው ደግሞ የእኔን ቅጂ ዛሬውኑ አውሰዋለሁ።