ምን እያነበብን ነው? እንዴትስ እያነበብን ነው?



«አሁን በእጃችሁ ያለው መጽሐፍ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ መጀመሪያ የምናገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። መምህሩ «ማንበቢያ ጊዜ የት አለና!» ይላል። ተማሪው ደግሞ «ለፈተና የሚመጣውን ነው እንጂ ሌላማ የለም» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ እውነተኛው መልስ ይወጣል። አንዱ ከፍራሹ ሥር የደበቀው ልቦለድ አለው። አንዷ አርብ አርብ ከአሠሪዎቿ ቤት ስትወጣ በቦርሳዋ ይዛው የምትዞረው አላት። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ፣ ግን የሚነበብ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ሦስት መጻሕፍት የምናስበውን እንናገራለን። ሦስቱም ካርቱም ሳለን በጅሬፍና በዴም ሰፈሮች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ያነበብናቸው፣ አሁንም በየሄድንበት የሚከተሉን ናቸው። ማድነቅ ብቻ አይሆንም። ጎደለ የምንለውንም እንላለን፤ የመጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም የአነባበብ ጉድለት።

ካርቱም ለአንባቢ መጥፎ ከተማ አልነበረችም። «ካይሮ ይጽፋል፣ ቤሩት ያትማል፣ ባግዳድ ያነባል» የሚል የዐረቦች አባባል አለ፤ ሱዳኖች ግን በባግዳድ ፈንታ «ካርቱም ያነባል» ማለት ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በመሀል ከተማው «መፍሩሽ» የሚባል የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ በየወሩ ይካሄድ ነበር። ቃሉ «የተነጠፈ» ማለት ነው። መጽሐፉ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ገዢው ቁጢጥ ብሎ ያገላብጣል። በኋላ ባለሥልጣናት ከለከሉት። የእኛ መጽሐፍ ግን የሚመጣው በሌላ መንገድ ነበር፤ በመተማና በገላባት በኩል፣ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ። አንዳንዱ ገጽ እስከ ዛሬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

አስተማሪው በዛብህ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል፣ ወይም ቅጂውን በስልኩ ይዟል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ታሪኩን ስለምናውቀው መጽሐፉን ያነበብን ይመስለናል። «ስለ ምንድን ነው?» ሲባል ሁላችንም «ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር» ብለን እንዘጋዋለን።

ስንደግመው ያየነው ሌላ ነገር ነው። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው አስተማሪ ሆኖ ነው። ድሃ ነው፣ የተማረ ነው፣ ዘመድ የለውም። ጌቶቹ ዕውቀቱን ይፈልጉታል፤ እሱን ግን ከእኩያ አይቆጥሩትም። በሰው ቤት፣ በሰው ፈቃድ እየኖሩ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ለካምፕ መምህር ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ? ጉዱ ካሳም አለ፤ የሚያየውን ስለተናገረ እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ የተነሡት ባላገሮችም አሉ። ይህን ሁሉ ዘለን ፍቅሩን ብቻ መያዛችን መጽሐፉን ግማሽ ማድረግ ነው።

ጉድለቱስ? ጉዱ ካሳ አንዴ መናገር ከጀመረ ገጹ አያልቅም። ሐሳቡ ትልቅ ነው፣ ግን አንዳንዴ ገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ደራሲው መድረክ ላይ የወጣ ይመስላል። ጮክ ብለን ስናነብ ተማሪው የሚያንቀላፋው እዚያ ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልንም የምናውቃት ባብዛኛው የሚያፈቅሯትና የሚያዝዙባት ሰዎች በሚሏት ነው። በመጨረሻ ግን ማንነቷን ደብቃ በእግሯ መንገድ ትጀምራለች። እዚህ ስንደርስ ድንበሩን በእግሯ የተሻገረች አንዲት ተማሪ አስቆመችን። «ስንት ቀን ሄደች? ምን በላች? የት አደረች?» አለች። ሌሎቻችን ስለ ፍቅሯ እናወራ ነበር፤ እሷ ስለ መንገዱ ጠየቀች። ከብዙ መምህር የተሻለ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ጠብ ያስነሣው መጽሐፍ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ዘመቻውን ሊያሰማ አስመራ ይሄዳል፤ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። መጨረሻውን ላልጨረሱት አንነግርም።

እንደ ልቦለድ ከሦስቱ ፈጣኑ ይህ ነው። ንግግሩ ሕያው ነው፣ ከተማዋ ታስናፍቃለች፤ አስመራን ያላየ ሰው እንኳ የሚያውቃት ይመስለዋል። የመንግሥት ሰው የነበረ ደራሲ የመንግሥቱን ዘመቻ እንዲህ መጻፉም ትልቅ ድፍረት ነው። ነገር ግን ኤርትራንና ኤርትራውያንን ባብዛኛው የምናየው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ዓይን ነው። ፊያሜታም እንደዚያው። ስለ ውበቷ የተጻፈውን ያህል ስለምታስበው አልተጻፈም።

እኛ ጋ ይህ የወረቀት ላይ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። ካርቱም ውስጥ በአንድ ክፍል ኤርትራዊና ኢትዮጵያዊ አብሮ ይቀመጣል። የአንዱ አባት ናቅፋ ላይ ተዋግቷል፤ የሌላው አጎት እዚያው ቀርቷል፤ በተቃራኒ ምሽግ። አንድ አርብ ከሰዓት ክርክሩ ከመጽሐፉ ወጣና ወደ ቤተሰብ ገባ። አንድ ልጅ ተነሥቶ ወጣ። ከመሀላችን «ይህን መጽሐፍ እንተወው፣ ሰላማችን ይሻላል» ያሉ ነበሩ፤ ከልባቸው ነበር። ሌሎቻችን ደግሞ «ስለ ጦርነት እዚህ ካላወራን የት ልናወራ ነው?» አልን። በመጨረሻ አንድ ሕግ ብቻ አወጣን፤ የሚናገር ሰው መጀመሪያ ገጹን ያሳያል። «ሕዝባችሁ» ማለት ክልክል፣ «እዚህ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል» ማለት የተፈቀደ። ልጁ ሁለት ሳምንት ቀርቶ መጣና መጽሐፉን ለብቻው ሊያነበው ተዋሰ። እስካሁን አልመለሰም። እኛም አልጠየቅነውም።

የተቆለፈው ክፍል

ሦስተኛው የአማርኛ መጽሐፍ አይደለም። የሱዳናዊው ጣይብ ሳሊህ «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ ሲሆን፣ በ2001 በደማስቆ የሚገኝ የዐረብ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዋነኛ የዐረብኛ ልቦለድ ብሎታል። ደራሲው በ2009 ለንደን ውስጥ አረፈ። ሱዳን ያደጉ ልጆቻችን ዐረብኛውን ከእኛ በተሻለ ያነባሉ። እነሱ ያነባሉ፣ በአማርኛም ይነግሩናል። ለአንዴም ቢሆን አስተርጓሚው ተማሪው፣ ተማሪው መምህሩ ሆነ።

ተራኪው ከሰባት ዓመት የእንግሊዝ ኑሮ በኋላ ዓባይ ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል። እዚያ ሙስጠፋ ሰዒድ የሚባል እንግዳ ያገኛል፤ ለንደን ተምሮ፣ አስተምሮ፣ ጥፋትም ሠርቶ የተመለሰ ሰው። ሙስጠፋ ቤት ውስጥ የተቆለፈ ክፍል አለ። ሲከፈት ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው፤ አንድም የዐረብኛ መጽሐፍ ግን የለበትም። ቁርኣኑ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው።

ይህ ክፍል ራሳችንን አስታወሰን። ከእኛም ውስጥ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በትራሱ ላይ እየደረደረ የአማርኛውን «ተራ ነገር» የሚል አለ። ከዚያም የባሰ መጽሐፍ ኖሮት ለማንም የማያውስ አለ። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ስለ ንባብ ባህል መድከም የሚያማርር!

መጽሐፉ ለታናናሾቹ ክፍሎች አይሆንም፤ ከባድ ግፍና የአልጋ ነገር አለበት፣ መምህራን አስቀድማችሁ አንብቡት። ድክመቱንም እንናገር። የለንደኖቹ ሴቶች ከሰው ይልቅ ምስል ይመስላሉ። የሙስጠፋ ሚስት ሑስናም ከሁሉ የከበደውን «እምቢ» የምትለው እሷ ሆና ሳለች፣ የምትናገርበት ገጽ ጥቂት ነው። መንደሩ ሁሉ ስለ እሷ ያወራል፤ እሷ ግን ዝም።

እዚህ ላይ ሦስቱ መጻሕፍት ይገናኛሉ። ሰብለ፣ ፊያሜታ፣ ሑስና። ሦስቱም የታሪኩ እምብርት ናቸው፤ ሦስቱም ታሪካቸውን ራሳቸው አይናገሩም። ይህን ያስተዋልነው በጥበባችን አይደለም፤ ልጃገረዶቹ ስለነገሩን ነው። ታዲያ የውሰት መዝገባችንን ብናይ ምን አገኘን? አብዛኛው ስም የወንድ ነው። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ውኃ የምትቀዳው፣ ታናናሾቿን የምትይዘው፣ ሻይ ልትሸጥ ጎሕ ሲቀድ የምትወጣው እሷ ናት። ደራሲዎቹን «ሴቶቹን አላናገራችሁም» ብለን ስንወቅስ እኛስ መቼ አናገርናቸው? መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ያወጣችው «ዘ ሻዶ ኪንግ» በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለተዋጉ ሴቶች ነው። ከእጁ የገባ ቢያካፍለን ቀጣዩ ውይይታችን በእሱ ይሆናል።

አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ አንባቢ

«መጽሐፉ አንድ ነው፣ እኛ ሠላሳ ነን» ለሚሉ መምህራን አንድ ታሪክ እናስታውስ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። የተጠቀመበት ቁርጥራጭ ሦስት ሺህ ያህል ነበር። እስረኞቹ ያን ታሪክ አብረው ተካፈሉት፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. ዐረፈ። እኛ ቢያንስ ደብተር አለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ሰው ልጁንና ውኃውን ይዞ ወጣ፤ መጽሐፍ የያዘ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የመሐመድ ዑመር በሺር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የሱዳን ትዝታ ነበር የነደደው። የእኛ ጥቂት መጻሕፍትም በየቤቱ ቀሩ። ለዚህ ነው የተረፈው ተቆልፎ መቀመጥ የለበትም የምንለው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው አርብ ጀምሮ ሁለት ነገር እንሞክር። አንደኛ፣ በንባብ ክበቡ መጀመሪያ የምትናገረው ሴት ተማሪ ትሁን፤ ሰዓቱም ውኃ ከሚቀዳበት ሰዓት ጋር አይጋጭ። ሁለተኛ፣ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ያለው አይጣለው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው የጎደለውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ውስጡ ያስገባ።

እናንተስ ምን እያነበባችሁ ነው? በግማሽ ገጽ ጻፉልን። «ደስ ይላል» ብቻ አትበሉን፤ የት ላይ ደስ እንዳላችሁ፣ የት ላይ እንዳናደዳችሁ፣ ገጹን ጨምሩበት።

መልካም ንባብ!