ለእነሱ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ፣ ለእኛ የሴት ሥራ

ፈረንጅ አንድ ነገር ከያዘ ከሥሩ ነው የሚይዘው። እስቲ አሁን በገዛ ቤት ቡና ቆልቶ መጠጣት አንድ ቀን «ሆቢ» ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አበሻ ይኖራል? ሆኗል! በአሜሪካና በአውሮፓ መሐንዲሱም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመኪና ጋራዡ ውስጥ ይገባና ቡናውን ይቆላል። አንዱ ዓሣ እንደሚያጠምደው፣ ሌላው ቴምብር እንደሚሰበስበው መሆኑ ነው። እንግዳ አልመጣበትም። አማት አልተቀመጠችበትም። «ምነው ቡናው ዘገየ?» ብሎ የሚያፈጥበትም የለም። ደስ ስለሚለው ብቻ ይቆላል።

ነገሩ የጥቂት ወፈፌዎች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ ጥሬ ቡና እየተመረጠ በፖስታ የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። ይርጋ ጨፌ፣ ጉጂ፣ ሲዳማ፣ ሐረር እየተባለ ቡናችን በየስሙ ይሸጣል፤ የታጠበው ለብቻ፣ ከነቆዳው የደረቀው ለብቻ። መቁያውም እንደየኪሱ ነው። ጀማሪው አሮጌ የፈንዲሻ ማሽን ይገዛና ቡናውን እዚያ ውስጥ ይጨምረዋል። (እኛ ፈንዲሻውን ከቡናው ጋር እናቀርባለን፤ እነሱ ቡናውን በፈንዲሻው ማሽን ይቆላሉ።) ትንሽ የበረታው ሁለት ሦስት መቶ ዶላር አውጥቶ ለቤት ተብሎ የተሠራ የኤሌክትሪክ መቁያ ይገዛል። ፍቅሩ የጠናበት ደግሞ 3 ሺ ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፍላል። ለቡና መቁያ!

የሚያወጡት ታዲያ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልባቸውንም ነው። ቡናውን ከመቁላታቸው በፊት ይመዝኑታል። ቴርሞሜትር ይሰካሉ፣ ሰዓት ይይዛሉ፣ ደብተር ይከፍታሉ። አረንጓዴው ፍሬ በስንተኛው ደቂቃ ቢጫ ሆነ? የተጋገረ ዳቦ የሚመስለው ሽታ መቼ መጣ? ሙቀቱ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት ያስጨንቀውና ቡናው መንጣጣት ይጀምራል። ይህን «የመጀመሪያው ፍንዳታ» ይሉታል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዷ ሴኮንድ ዋጋ አላት። 224 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳሳ ያለ ድምፅ ያለው ሁለተኛው ፍንዳታ ይመጣል፤ ዘይቱም ወደ ላይ ብቅ ማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ ያልነቃ ሰው የሚጠጣው ከሰል ነው። በመጨረሻ መልሰው ይመዝኑታል፤ 100 ግራም ጥሬ ቡና በአብዛኛው ከ80 እስከ 88 ግራም ሆኖ ይወጣል። ይህም ይጻፋል።

ይህን የሚሰማ የአገራችን ሰው መጀመሪያ የሚቀድመው ሳቅ ነው። «ይኼን እኮ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች!» ይላል። ትሠራዋለች፣ ማን ካደ? ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህች «ዓይኗን ጨፍና» የምትባል አነጋገር ሙገሳ ትመስላለች እንጂ ሙገሳ አይደለችም። እናትየዋ የምትሠራው ዓይኗን ጨፍና ሳይሆን ዓይኗን፣ ጆሮዋን፣ አፍንጫዋንና እጇን አንድ ላይ አሰማርታ ነው።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩዋት። ቡናውን ትለቅማለች፤ የነቀዘውን ከደህናው ትለያለች። ታጥበዋለች፤ አቧራውና ገለፈቱ ይሄዳል። ፈረንጁ የማሽኑን ሙቀት በቁልፍ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የእሷ ግን ከሰል ነው፤ አንዱ ጎን ሲነድ ሌላው ይከስማል። ስለዚህ እሳቱን የምታስተካክለው በማራገብና ምጣዱን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ፍሬው እኩል እንዲበስል እጇ አያርፍም። መንጣጣት ሲጀምር ጆሮዋ ይቆማል። መልኩን ታያለች፣ ጭሱን ታሸታለች፣ «በቃው» ትልና ታወርደዋለች። የምታወርደውም ትንሽ ቀደም ብላ ነው፤ ቡናው ከእሳት ከወረደም በኋላ በምጣዱ ግለት መቆላቱን እንደማይተው ታውቃለችና። ቴርሞሜትር የለም፣ ደብተር የለም። ዕለት ዕለት ስትቆላ የኖረችበት ሃያና ሠላሳ ዓመት ግን አለ። ይህ እውቀት ካልሆነ እውቀት ምንድን ነው?

አማርኛችን ራሱ ጉዳችንን ያወጣዋል። «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። በአደባባይ «ባለሙያ» ሲባል የተማረ፣ የምስክር ወረቀት ያለው፣ ደመወዝ የተቆረጠለት፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «እርስዎ እንደ ባለሙያ ምን ይላሉ?» የሚባል ሰው ነው። በጓዳ «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ሲባል ግን ወጧ ይጣፍጣል፣ ቡናዋ ያምራል ማለት ነው። ቃሉ አንድ፣ ክብሩ ሁለት! የአደባባዩ ሙያ ተለፍቶበት የተገኘ ተብሎ ይከበራል። የጓዳው ግን ከተፈጥሮዋ ጋር አብሮ የመጣ ይመስል ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም። ያኛው ሰው ደብተር ይዞ ዓመት ሙሉ የሚለፋበትን ነገር የእኛዋ ሴት ከማሕፀን ይዛው የወጣች ነው የሚመስለን።

«ሆቢ»ን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ደግሞ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንለዋለን። ለመሆኑ ትርፍ ጊዜው የማን ነው? ቡና ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ፣ አቦል ቶና በረካ ቀድቶ፣ ሲኒውን አጥቦ እስኪያበቃ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በቀን ሁለቴ ሦስቴ የሚፈላበት ቤትም ሞልቷል። ትርፍ ጊዜው ያለው ከተቀመጠው ሰው ዘንድ ነው። በስንቱ ቤት ደግሞ ምጣዱን የያዘችው የቤቱ እመቤት እንኳን አይደለችም፤ ከገጠር የመጣች፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ቡናው ሲያምር «የወይዘሮ እገሊት ቡና» ይባላል። ያረረ ዕለት ግን ጥፋቱ የልጅቷ ነው። የከሰሉ ጭስም የእሷ ነው። እንግዲህ ጋራዡ ውስጥ ያለው ፈረንጅና ጓዳ ውስጥ ያለችው ልጅ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ እሱ ሲደክመው መተው ይችላል።

«የእኛ ቡና እኮ ጨዋታ አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ዕርቅ አለው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በዚህ እንበልጣለን። ቡና ሲቆላ ሽታው አጥር ዘልሎ ጎረቤት ይጠራል። ፈረንጁ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ከቴርሞሜትሩ ጋር ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያመጣው ሌላ ጥያቄ አለ። ያንን ሁሉ ጉባኤ በሁለት እጇ የምታቆመው እሷ ሆና ሳለ፣ ጨዋታው ሲደራ እሷ የት ናት? አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ላይ ጎንበስ ብላለች።

ሙያውን ማራከሳችን ይበልጥ የሚታየው ግን የኮራንበት ዕለት ነው። ወደ አንዳንድ ሆቴሎች ብቅ በሉ። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ የአገር ልብስ የለበሰች ቆንጆ ልጅ ተቀምጣለች። አንድ እፍኝ ቡና ይቆላና ጭሱ በእንግዶቹ አፍንጫ ሥር ይዞራል። እንግዶቹ «ዋው!» ይላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። የሚጠጡት ግን ከጓሮ ቀድሞ ተፈጭቶ፣ ቀድሞ ፈልቶ የመጣውን ነው። የተቆላው ለአፍንጫ፣ የተፈላው ለአፍ፤ ሁለቱ አይተዋወቁም! ልጅቷም የተቀጠረችው ቁመናዋ ታይቶ እንጂ ቡና ትቆላ እንደሆነ ተጠይቃ ላይሆን ይችላል። ባህል አሳየን ይባላል። ያሳየነው ግን ልብሱን ነው።

ስለ ቡናው ስለራሱም እናውራ። ለረጅም ዓመታት ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ በሕግ ሲከለከል ኖሯል። ምክንያቱ ይገባናል፤ አገር ዶላር ያስፈልጋታል። ውጤቱ ግን ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን እየጠጣን፣ ወደ ቤታችን የሚመጣው በብዛት የተረፈውና የተጣለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው ቡና በጨረታ በፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሽጧል። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። እኛ ዘንድ ግን ስንቱ ጠጪ ነው የሚጠጣው ቡና ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ? «ቡና ነው» ይባላል፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ነው የቆዪዋ ሙያ ይበልጥ የሚገባን። አጥቁሮ መቁላት የቡናን ጉድለት ይሸፍናል። እናቶቻችን የደረሳቸውን ያንኑ ቡና እየለቀሙ፣ ጠቆር አድርገው እየቆሉ፣ ለሰው ፊት የሚበቃ አድርገውታል። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ግን ብልሃቱ የራሱ ዕዳ አለው፤ ልማድ ሆኖ ሲቀር ጥሩው ቡና ሲገኝም ያው ይጠቁራል። የይርጋ ጨፌው የአበባ መዓዛ፣ የሐረሩ የፍራፍሬ ጣዕም ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰውዬ አሥር ሺ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያገኘውን ጣዕም እኛ ምድጃው ሥር ተቀምጠን አናውቀውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይሏችኋል ይኼ ነው።

«ቢሆንም ከእኛ እጅ አይወጣም» ብሎ መተኛትም አያዋጣም። አሜሪካኖቹም እኮ በአንድ ዘመን ቡናቸውን በየቤታቸው ይቆሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የፒትስበርግ ነጋዴዎች የሆኑት የአርባክል ወንድማማቾች የተቆላ ቡና በከረጢት አሽገው መሸጥ ጀመሩ። ሕዝቡ «እፎይ» አለ፤ ሰው ከድካም ሲገላገል ምን ይበል? ከጊዜ በኋላ በየቤቱ ቡና መቁላት የሚያውቅ እየጠፋ ሄደ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1990ዎቹ፣ ስለ ቤት ውስጥ ቡና አቆላል መጻሕፍት መታተም፣ ጥሬ ቡናም ለባለ ሆቢዎች በፖስታ መላክ ጀመረ። ዛሬ በፈንዲሻ ማሽን የሚለማመዱት የልጅ ልጆች አያቶቻቸው በነፃ የሚያውቁትን በገንዘብ እየገዙ ናቸው።

እኛም መንገዱን ጀምረነዋል። ተፈጭቶ የታሸገው ቡና በየሱቁ አለ። ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ምጣድ በጣደ ቁጥር የአፓርታማው የጭስ ደወል ስለሚጮህበት ወይ በረንዳ ላይ ይወጣል፣ ወይ የተቆላውን ይገዛል። አዲስ አበባ ያለችው ሴትም ከቢሮ በምሽት ገብታ ከሰል ላቀጣጥል አትልም። ትክክል ናት። «የዘንድሮ ሴቶች ቡና መቁላት እንኳ ረሱ» እያለ የሚያላዝነውን ወንድ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቀው። ወንድሜ፣ አንተስ መቼ አወቅኸው? አንድም ቀን ምጣድ ጨብጦ የማያውቅ እጅ ለሙያው መጥፋት ሙሾ ሊያወርድ አይችልም።

መፍትሔው ሴቶቹን ወደ ምድጃው መልሶ መሰብሰብ አይደለም። ሙያው የሚተርፈው የግዴታ ቀንበሩ ተነስቶ ክብሩ ሲቀርለት ነው። ከፈረንጁ የምንማረው ነገር ካለ ማሽኑን አይደለም፤ እኛ ምጣድ አለን። የምንማረው በትልቅነቱ ሳያፍር መጠየቁን፣ መማሩን፣ የተማረውን መጻፉን ነው። እናቶቻችንን «እንዴት አወቅሽው? ድምፁ ምን ሲል ታወርጂዋለሽ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ልጅ አለ? መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የምትውለውን እህታችንን «ቡናው ከየት ነው?» ያላት ስንት ጠጪ አለ? እንደዚህ መጠየቅ ሲጀመር ነው እሷም የተሻለ ቡና ፈልጋ የተሻለ የምታስከፍለው።

ወንዱም «ቡና ቆላ» ቢባል ወንድነቱ አይጎድልበትም። ቢሳቅበትም ይሳቅበት። የመጀመሪያው ምጣድ ያርርበታል፤ ሁለተኛው ጥሬ ይሆንበታል። ሦስተኛው ላይ እጁ ዝሎ፣ ዓይኑ በጭስ ሲያለቅስ፣ ስንት ዓመት በነፃ ሲጠጣ እንደኖረ ይገባዋል።