ከ«እርሱ» ወደ «አንተ»

በመዝሙረ ዳዊት 22ኛው መዝሙር (በዕብራይስጡ አቈጣጠር 23ኛው) መካከል የሰዋስው ለውጥ አለ። ዘማሪው በለመለመው መስክና በዕረፍት ውሃ ዘንድ ሳለ እግዚአብሔርን በሩቅ «እርሱ» እያለ ያወሳዋል። የሞት ጥላ ወዳለበት ሸለቆ ሲወርድ ግን ስለ እርሱ መናገሩን ትቶ «አንተ» ብሎ ያነጋግረዋል። መታመን የሚሰማው በዚህ ለውጥ ውስጥ ነው፤ ሸለቆው አልተወገደም፣ የተለወጠው አነጋገሩ ነው። በእረኛው ክርስቶስን የሚያይ ምእመን ደግሞ በፍጻሜው ሌላ ነገር ያገኛል፤ ተከታይ ነኝ ሲል የኖረው እርሱ ራሱ ቸርነትና ምሕረት የሚከተሉት ሆኖ ይገኛል።

ለዳኛና ለሽማግሌ «እርስዎ» የሚለው አማርኛ ለፈጣሪ «አንተ» ማለቱ ይህን ቅርበት ያጐላዋል። ይሁንና ግዕዙ በአንድ ነገር ይልቃል። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «እረኛ» የሚለውን ስም ሲመርጥ፣ ግዕዙ ሐሳቡን በግስ ይዞታል። ስም ማዕረግን ይናገራል፤ ግስ ግን እየተሠራ ያለ ሥራን ያሳያል። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ አረጋውያን አማርኛውን ሲሰሙ አንዳች ነገር የሚጐድልባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በምሥራቅ አፍሪካ «ቱኩቴንዴሬዛ ዬሱ» የተባለው የሉጋንዳ መዝሙር በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። መዝሙሩ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሩዋንዳዋ ጋሂኒ ተነሥቶ ወደ ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንጋኒካ የተዛመተው መነቃቃት መለያ ሆነ። አዝማቹ በ«እኛ» ውዳሴ ይጀምራል፤ ስለሚያነጻው ደም ሲናገር ወደ «እኔ» ይዞርና በአንድ ሰው ምስጋና ያበቃል። ጉባኤው ሁሉ እየዘመረ እያንዳንዱ ብቻውን ይቆማል።

ኪኩዩውም ሩዋንዳዊውም አዝማቹን ሳይተረጕሙ በሉጋንዳው ይዘምሩታል። ይህም ድንበር የሚሻገር ወንድማማችነትን አትርፏል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ዘማሪ ግን «እኛ» የሚለው «እኔ» የሚሆንበትን ቦታ ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚይዝ ይህን መዞር ያለ ችግር ያወጣዋል። ለኅብረ ዝማሬ እንዲመች ሲባል «እኛ»ን እስከ ዳር የሚዘረጋ ተርጓሚ ቢነሣ ዜማው ይሰምርለታል፤ ምስጋናውን ግን ባለቤት ያሳጣዋል።