የሚሻር ምርጫ

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «ዊቸር 3» በተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ጭራቅ አዳኙን ጌራልትን ሆኖ ዛፍ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል። ቢፈታው ወላጅ አልባዎቹ ሕፃናት ይተርፋሉ፤ አና የተባለችው ሴት ግን ትሞታለች፤ ባሏም ራሱን ይሰቅላል። ቢገድለው አና አእምሮዋን ስታም ቢሆን ትኖራለች፤ ልጆቹ ይጠፋሉ። ደራሲዎቹ መዘዙን አስቀድመው አይናገሩም፤ ጽድቅና ኩነኔንም በነጥብ አይሰፍሩም። ብልሃታቸውን አደንቃለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ውጤቱ ያልጣመው ተጫዋች ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ይመርጣል። ሸዋ ሮቢት ሳድግ በሰማሁት ተረት ግን ጅቡ አህያዋን ከበላ በላ ነው፤ አያቴ «ተረቴን መልሱ» ሲሉ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መፍረድ የእኛ ፈንታ ነበር። እንግዲህ ተጫዋቾች ሆይ፣ አንዴ ከመረጣችሁ መዘዙን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ዝለቁ፤ ታሪኩ የሚፈትናችሁ ያኔ ነው።