ከፊት የሮጠው ለምን አይጨርስም?

በረጅም ርቀት ሩጫ «አሯሯጭ» የሚባለው፣ ለማሸነፍ ሳይሆን ሌሎች አትሌቶች ባቀዱት ፍጥነት እንዲሮጡ ከፊት ሆኖ እንዲመራ በውድድር አዘጋጆች የሚቀጠር፣ የተዋዋለበትን ርቀት ሲያደርስም ከመንገዱ የሚወጣ ሯጭ ነው። ለሙያው አዲስ የሆነ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር የመራ ሰው የቀሩትን 12 ኪሎ ሜትሮች ጨምሮ ለምን አያሸንፍም? ያሸነፉ ስላሉ ጥያቄው የጅል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ ማራቶን በአሯሯጭነት የተሰለፈው ፖል ፒልኪንግተን የሚከተለው አጥቶ እስከ መጨረሻው ሄዶ አሸንፏል፤ በ2001 ደግሞ ኬንያዊው ቤን ኪሞንዲዩ በቺካጎ ያሯሩጠው ከነበረው ከፖል ቴርጋት ቀድሞ ገብቷል። ይሁንና የፒልኪንግተንን ታሪክ ለአዲስ አሯሯጭ እንደ አርአያ መንገር ስሕተት ነው፤ አሯሯጭ ዞር ሲል ከኋላው ሰው ካጣ፣ ሰዓቱ ልክ ቢሆን እንኳ ሥራው እዚያው ላይ ተቋርጧል።

ከዚህ ጥያቄ ይልቅ የሙያውን ሰዎች የሚያከራክረው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በመም ውድድሮች፣ ማለትም በስታዲየም ዙር ላይ በሚደረጉ ሩጫዎች፣ በውስጠኛው ጠርዝ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች በታሰበው ፍጥነት እየበሩ ሯጩን እንዲመሩ ተደርጓል። ጆሹዋ ቼፕቴጌ ጥቅምት 7 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በቫሌንሲያ 10,000 ሜትርን በ26፡11.00 ሲጨርስ፣ በዚያው ምሽትም ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14፡06.62 ስትሮጥ፣ መጀመሪያ ላይ ሰዎች ካሯሯጧቸው በኋላ እስከ መጨረሻው አብሯቸው የነበረው ይኸው ብርሃን ነው። ከዚህ በመነሣት አሯሯጭ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። የቼፕቴጌን ሰዓት ለ25 ዙር ያካፈለ ሰው በየዙሩ 62.8 ሴኮንድ ገደማ ያገኛል፤ ይህን ያህል እኩል አድርጎ መክፈል የሚችል የሰው እግር እንደሌለ መካድ አይቻልም። ነገር ግን መብራት ሰዓት እንጂ አሯሯጭ አይደለም፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራስልስ በ26፡17.53 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ያለ አንድ አምፖል ተሠርቶ 15 ዓመት የቆየ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ልዩነቱን ለመረዳት በመስከረም 21 ዋዜማ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣውን ምእመን መመልከት ይበቃል። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት እንደሆነ የሚታመነው ይህ አምባ በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸ ገደላም ተራራ ሲሆን፣ ሰልፉ በጠባብ መንገድ ተከታትሎ ይወጣል። ከፊት ያለው ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ለመውጣት አንድ እርምጃ ቢገታ አሥረኛው ሰው ፈጽሞ ይቆማል፤ ጎረምሳው መልሶ ሲቀጥልም አሥረኛው ርቀቱን ለመሙላት ይሮጣል፣ ሠላሳኛው ደግሞ ደረቱን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። በበትር የሚሄዱ አንዲት እናት ከፊት የሆኑ እንደሆነ ግን፣ ድንጋዩ ጋ ሳይደርሱ ጀምረው እርምጃቸውን ስለሚያሳጥሩ፣ ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ዳገት መኖሩን እንኳ ሳያስተውል ይከተላል። የአሯሯጭ ሙያ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

በማራቶንም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ለመግባት እያንዳንዱን 5 ኪሎ ሜትር በ14፡42 ገደማ መሮጥ ያስፈልጋል፤ አንዱን በ14፡20፣ ተከታዩን በ15፡04 ቢያደርጉት ድምሩ አይለወጥም፣ የተከታዮቹ እግር ግን 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዕዳውን ይከፍላል። አሯሯጩ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ የውሃ ጠረጴዛ ሲቃረብ ተከታዮቹ ጠርሙሳቸውን እንዲያነሡ መስመሩን አስፍቶ ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላው ያለውን ትንፋሽ ያዳምጣል። ትንፋሹ ሲሻክር አንዲት ሴኮንድ መልቀቅ፣ ሲረጋ ያችኑ ሳያስታውቁ መመለስ ከመብራት የማይጠበቅ ነገር ነው፤ መብራት ማን እንደሚከተለው አያውቅም። በአቴንስ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር፣ ተቀጣሪ አሯሯጭ በሌለበት ውድድር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን በጉዳት ላይ የነበረው ኃይሌ ገብረሥላሴ እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠብቀውት ነበር። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፣ እነርሱም ወርቁንና ብሩን ወሰዱ፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ማየት ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ሰው ያለ አሯሯጭም ተአምር ሊሠራ እንደሚችል መታወቅ አለበት። ኤሉድ ኪፕቾጌ በ2018 በበርሊን የመጨረሻው አሯሯጭ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከተለየው በኋላ ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ሮጦ በ2፡01፡39 ገብቷል። ይህ ግን ሙያውን አያስንቅም፤ እስከዚያ ድረስ ሳይባክን የተጠበቀው ጉልበት የማን ሥራ እንደሆነ ሰሌዳው ባይጽፍም የሚያውቁት ያውቁታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከግሸን በታች ባለው የአምባሰል ዳገት ሩጫ የጀመረና ዘመኑን በአሯሯጭነት የፈጸመ እንደ መሆኑ፣ ፍርዱ ወገንተኛ መሆኑን አይሸሽግም። የ25ኛው ኪሎ ሜትር ሰዓት በአራት ሴኮንድ በመዘግየቱ ክፍያው የተቀነሰበት ጊዜ አለ፤ ያን ቀን ሰዓቱን የያዘው ሰው እንጂ ከኋላ የነበሩት አትሌቶች ቅር አላላቸውም ነበር። በድሮው ዘመን ግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ የነበሩት የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንደሚጠራቸው ተስፋ አድርገው ዕድሜያቸውን ሲፈጁ፣ አሯሯጭ ግን ዙፋኑ ከፊቱ እየታየው በገዛ ፈቃዱ ወደ ዳር ይወጣል፤ ንጽጽሩ ድፍረት ቢመስልም የአገሩ ልጅ ሳያስበው አይቀርም።

መንገዱን ለቅቆ ከወጣ በኋላ ያለውን ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቁታል። ደረቱ ላይ የአሯሯጭ መለያ የለጠፈው ሯጭ ላቡ ሳይደርቅ ብልጭልጭ ፕላስቲክ ተከናንቦ የመንገድ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ያቋረጡትን የሚሰበስበው አውቶቡስ ሲመጣ ይሳፈራል፤ ውስጥ ያሉትም በአንድ ስልክ ላይ ተሰብስበው የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ይመለከታሉ። እርሱ ግን ማን እየመራ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት፣ 30ኛውን በስንት እንዳለፉት ይጠይቃል።